መስመር ያልደረሳቸው ሁለት ነጥቦች

እሑድ ጧት፣ ቅዳሴ ገና ሳይወጣ፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትደርብ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል እያከራየች የምትኖር ሴት ናት። «ተከራዬ ሞቷል» አለችና ደረቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ተረኛው ታዘበው የሚባል ኢንስፔክተር ነበር። እሑድ ምንጊዜም ተረኛው እሱ ነው። ዲግሪ ያላቸው እሑድ ያርፋሉ።

ታዘበው ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ተኩስ ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ በትከሻቸው ላይ ኮከብ እየደረደሩ አልፈውት ሄደዋል። እሱ ግን ማን መቼ እንዳለፈው ቀኑን ሳይቀር ያውቃል።

ሟቹ የሞጣው ልጅ አብዱልሐኪም ይማም ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ልጅ፣ የስታቲስቲክስ ምሩቅ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አጠገባቸው አንድ የሽቦ አልጋ አለ። ደሙ ያለው ወንበሩና ጠረጴዛው ላይ ነው። ከበስተኋላው፣ ጭንቅላቱን፣ በጠንካራ እንጨት ነው የተመታው። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ስልኩም ቦርሳውም በቦታው አለ። ሬሳው ግን አልጋው ላይ ነው። በጀርባው ተዘርግቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ እጁ ተቃንቶ፣ ጋቢ ለብሷል።

ታዘበው ጋቢውን ከእግሩ በኩል ገለጠው። ሁለቱ የእግር አውራ ጣቶች በነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል። ክሩን ቆጠረው፤ ሦስት ዙር ነው። ማስታወሻው ላይ «ሦስት ዙር» ብሎ ጻፈ።

ሌላው ገዳይ ገድሎ ይሮጣል። ይኼኛው ገድሎ ገንዟል።

ወለተ ሐና ቅዳሜ ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን ሠርክ ጸሎት ላይ ነበረች። ስትመለስ መብራቱ ይበራል፣ ልጁ እንደ ልማዱ እየሠራ ነው ብላ ተኛች። ጧት ሻይ ይዛ ብትገባ ያ ሆነ። «ሰው የማያስቀይም ልጅ ነበር» አለችና ቆም ብላ ታዘበውን በጎን አየችው። «ከቅዳሜው በቀር።»

ቅዳሜ የሆነውን ታዘበው ያውቀዋል። እዚያው ነበርና።

ልጁ ከሦስት ወር በፊት ኔትወርክ ሊያጠና ቢቸና ሲመጣ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ አንቴና የሚተክል መስሏቸው። እሱ የሚያጠናው ግን የስልኩን ሳይሆን የሰውን ነው። ማን ከማን ጋር እንደተሳሰረ ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ በሥዕል የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሞጣ ካለች አንዲት ባልደረባው ጋር እየሠራ ነበር። ለመሞከሪያ የመረጠው የሰፈሩን ዕድር ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ቤት። በየቤቱ ዞሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። መከራ ቢመጣብዎ የማንን በር ያንኳኳሉ? ሦስት ሰው ይጥሩ፤ ምክንያቱንም ይንገሩኝ። ሰው ሁሉ ነገረው። ታዘበው ብቻ፣ ፖሊስ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም ብሎ በሩን ዘጋበት።

ቅዳሜ ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ልጁ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አሳየ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ነጥብ ነው፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር ይሄዳል። ማንም እንዳይሸማቀቅ ብሎ ስም ደብቆ ነበር። በስም ፈንታ የጻፈው የዕድር ቁጥር ነው። መማር እንዲህ ነው እንግዲህ። ቢቸና ውስጥ በየቀብሩ አባል የሚጠራው በቁጥር አይደለም እንዴ? ሕፃን ሳይቀር የጎረቤቱን ቁጥር ከስሙ አስቀድሞ ያውቃል።

የታዘበው ቁጥር ስድሳ ሦስት ነው። ነጥቦቹ መሐል ለመሐል እንደ ንብ ሰፍረዋል። ሁለት ነጥቦች ብቻ ዳር ላይ ቀርተዋል፣ ወደነሱ የሚመጣ መስመር የለ፣ ከነሱ የሚሄድ የለ። ከአንዷ ሥር ስድሳ ሦስት የሚል አነበበ። የሁለተኛዋን ቁጥር አላየም። ተነሥቶ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

ያ ሳቅ እስከ እሑድ ጧት ጆሮው ውስጥ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ወንድሙ አብዱራዛቅ ከሞጣ መጥቶ ሬሳውን ወሰደ። ሰኞ ጧት አዛዡ ታዘበውን አስጠራው። አዛዡ በዕድሜ ልጁ ይሆናል፣ ጠመንጃ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው፤ አሁን ግን «አንተ» ይለዋል።

«ታዘበው፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሃል?»

«ሰው ብዙ ይላል።»

«ከአዳራሹ ተቆጥተህ ወጥተሃል። ከዚያ እስከ እሑድ ጧት የት ነበርህ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየህ?»

ታዘበውን ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ያየው የለም።

«ረቡዕ ከዞን መርማሪ ይመጣል» አለ አዛዡ፣ ስልኩን እየነካካ። «እስከዚያ ገዳዩን ካላመጣህ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንተን ነው። እኔ ልከለክለው አልችልም።»

ታዘበው ከቢሮው እንደወጣ የዕድሩን ገናዥ ባንተአምላክን አስያዘው። በሰፈሩ ሬሳ የሚገንዘው እሱ ነው፤ የሬሳ እግር ያሰረ ሰው ከተፈለገ ከእሱ የሚቀድም የለም። ጣቢያው ውስጥ አንዱን ወጣት ፖሊስ ጫማውን አስወልቆ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው አስተኛውና ለባንተአምላክ ክር ሰጠው።

«እሰረው።»

«ሕያው ሰው?»

«እሰረው አልሁህ። ሟርቱ በኔ ይሁን።»

ባንተአምላክ አማትቦ አሰረ። ሁለት ዙር ነው። ታዘበው ከሬሳው ያነሣውን ክር በወረቀት እንደጠቀለለው አሳየው። ባንተአምላክ ለረጅም ጊዜ አየውና እሱ የሚያስረው ሁለት ዙር ብቻ እንደሆነ፣ ሦስት የሚያዞሩት ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ እያሉ የዱሮ ሰዎች እንደሆኑ ተናገረ።

«የትኞቹ የዱሮ ሰዎች?»

«ሞተዋል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ቅዳሜ የት እንደዋለ ሲጠየቅ፣ ከስብሰባው ቀርቶ መርጡለ ማርያም ዘመድ ሊቀብር ሄዶ እዚያው እንዳደረ አስረዳ። በስልክ ተጣርቶ እውነት ሆነ።

ታዘበው ሊለቀው በሩን ከከፈተለት በኋላ ያሳከከውን ጠየቀ። «የአዳራሹን ነገር ነግረውሃል መቼም። የተሳቀው በማን ነው?»

ባንተአምላክ ፊቱ ቀላ፤ ቀጥሎ የሆነ ነገር እንደቀለለው ሁሉ ቶሎ ብሎ፣ «በእርስዎ ነዋ፣ በማን ይሳቃል!» አለው።

ሌሎችም ሲጠየቁ ያሉት ይኼንኑ ነው። ፊት ለፊቱ፣ ዓይኑን እያዩ። ታዘበውም አመነ። የሰውን ክፋት ማመን ለሱ አስቸግሮት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አያ ሀብተ ሥላሴ ቤት ሄደ። አያ ሀብተ ሥላሴ የዕድሩ መሥራችና ዳኛ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ርቀዋል። የዕድሩን ድንኳን ሲተክሉ ግን ዛሬም ወጣት የሚያደክም ክንድ አላቸው።

ከስድስት ዓመት በፊት የታዘበው እናት ሞተች። ታዘበው በሥራ ምክንያት በሦስት ቀብር አልተገኘም ነበር። በዕድሩ ደንብ ሦስት ቀብር የቀረ ሰው ድንኳን ሦስት ቀን አይቆምለትም። ከቀብር መልስ ገና በቀትር፣ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ፣ አያ ሀብተ ሥላሴ ድንኳኑን አስነሡት። ለቀስተኛው በነጠላው ተሸፍኖ ዝናቡን ተቀበለ፤ ወዲያውም ተበተነ። «ሕግ ነው ልጄ» አሉት። ታዘበው እጅ ነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ ዝቅ ይላል፣ ፈገግ ይላል። ቂም እንደ ጥንስስ ነው፤ አፉን ከድነው ሲያስቀምጡት ነው የሚብላላው።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸው። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል፣ እጃቸውን መያዣው ላይ ጭነው። ቅዳሜ ከስብሰባው እንደወጡ ሚኒባስ ይዘው ደብረ ወርቅ እንደሄዱ፣ የድሮ የቅኔ ቤት ጓደኛቸው የኔታ ሣህለ ማርያም ዘንድ አድረው እሑድ ማታ እንደተመለሱ ነገሩት።

«ልጁን የሚጠላው ሰው ነበር?» አላቸው።

«ልጁን የጠላ የለም። ያሳየውን ግን ማን ይወደዋል?» ዓይን ዓይኑን አዩት። «አንተ ትወደዋለህ?»

ታዘበው ነገሩ እንደ ስድብ ተሰማውና ማስታወሻውን ዘግቶ ተነሣ።

ማክሰኞ በማለዳው መኪና ሞጣ ገባ። አብዱራዛቅ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ወንድሙ ንግዱን ትቶ ኮምፒውተር ላይ በመቅረቱ ሁለቴ ክፉኛ ተጣልተዋል የሚል ወሬ ታዘበው ሰምቷል። አብዱራዛቅ አልካደም። ቅዳሜ ግን የእህታቸው የሀሲና ልጅ የሪሃብ ሠርግ፣ ኒካሑ፣ ነበር። ቀኑን ሙሉና ማታውን መቶ ሰው መሐል ሲያስተናግድ ነው የዋለውና ያመሸው፤ ታናሽ ወንድሙ በመቅረቱም ሲያማው ነበር።

«ሰው አይቆጠርም ብዬው ነበር» አለ፣ መቀሱን እየከፈተ እየዘጋ። «ሒሳብ ነው ወንድሜ አለኝ። እናንተ ዘንድ ለመሞትም ቁጥር ያስፈልጋል አሉ። እስቲ ንገረኝ፣ ወንድሜ ስንት ቁጥር ደረሰው?»

ታዘበው ከሱቁ ወጣ።

የልጁ ባልደረባ ጸደንያ ኮሌጅ የምታስተምር ወጣት ናት። የፕሮግራሙን ኮድ ግማሹን የጻፈችው እሷ ነች። ክፍሏ መስኮት ላይ ሁለት ኮምፒውተር ተደርድሯል፣ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። ታዘበው እንደነዚህ ያሉ ልጆች ፊት ሲቀመጥ ሁልጊዜ ወንበሩ ያጥርበታል። የአዳራሹን ሥዕል እንድታሳየው ጠየቃት። ከፈተችለት።

«ይቺ ስድሳ ሦስት እኔ ነኝ» አለ፣ ጣቱ ስክሪኑን ሳይነካ።

ጸደንያ ከስክሪኑ ዞር ብላ አየችው።

«ይቺኛዋስ? ሁለተኛዋ?»

«አንድ።»

ታዘበው ጣቱን ዝቅ አደረገ። ቁጥር አንድ መሥራቹ ናቸው። አያ ሀብተ ሥላሴ። ያን ጊዜ ሳቁ ገባው። የተሳቀው በሽማግሌው ነው፤ ሰው ዓይኑን እያየ «በእርስዎ ነው» ያለው ሽማግሌውን ፈርቶ፣ እሱን ደፍሮ ነው። ለሳቅ እንኳ ምትክ አድርገውታል።

«እሳቸውንም የጠራ የለም ማለት ነው» አለ፣ ውስጡ ደስ እያለው።

ጸደንያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያበቃ ወደ ለቅሶ ዞረባት። «ሁሉም ነው የጠራቸው» አለች። «ከሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ቤት መቶ ዘጠና አንዱ።»

ቀስ ብላ አስረዳችው። አንድ ነጥብ ላይ ሁሉ መስመር ሲፈስ እንደ ዋርካ የቀረውን ይጋርዳል፤ ሥር ያለው ምንም አይታይም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ደንብ ጽፈዋል። ከግማሽ በላይ ሰው የጠራውን ነጥብ መስመሮች፣ የሚመጡትንም የሚሄዱትንም፣ ከሥዕሉ ያነሣል፤ ነጥቡ ብቻ ባዶውን ይቀራል። ይኼ የሚሆነው ለትልልቆቹ ብቻ ነው። «ከሥዕሉ ሥር አንድ መስመር ጽሑፍ እንጨምር ብዬው ነበር፤ የቁጥር አንድ መስመሮች ተነሥተዋል የሚል። ገና ሙከራ ነው፣ በሚቀጥለው እናስገባዋለን አለኝ።»

ታዘበው የመቶ ዘጠና አንዱን ዝርዝር አትማ እንድትሰጠው አደረገ። ከተነሣ በኋላ በሩ ላይ ቆመ። «ስድሳ ሦስትንስ የጠራ አለ?»

ጸደንያ ጻፈች፣ አነበበች፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት አትማ ሁለቴ አጠፈቻት። «ሲፈልጉ ያዩታል» አለችው። ታዘበው ደረት ኪሱ ከተታት። ባዶ ብትሆንስ? ከዞኑ መርማሪ ይልቅ እሷን ፈራት።

በመመለሻው ደብረ ወርቅ ወረደ። የኔታ ሣህለ ማርያም ዓይነ ሥውር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን አስወጥተው አነጋገሩት።

«ሀብቴ ቅዳሜ? የለም። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነው የመጣ፣ በእግሩ። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ከሩቅ የማውቀው በከዘራው ድምፅ ነው፤ ያን ቀን አልተሰማኝም። ከዘራህን ምን በላው ብለው፣ ተሰበረ አለኝ።»

ያ ጥቁር ጃንጥላ በታዘበው ዓይን ላይ መጣ። መኪናው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት፤ የእናቱ እግር። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ነጭ ክር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር። እናቱን የገነዙለት አያ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። በዚያው እጃቸው ነው በቀትር ድንኳኑን የነቀሉበት።

ቢቸና ሲደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል።

«ግባ። አንተ እንደምትመጣ አውቄያለሁ» አሉት። «ሌላ ማን አለኝ?»

ታዘበው ያላገጡበት መሰለው። ከዘራውን አምጡ አላቸው። ሳይከራከሩ ከአልጋቸው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ የወይራ ከዘራ አወጡ። አልተሰበረም። ታጥቧል፤ ግን ወይራ ደም ሲጠጣ ይጠቁራል።

ነገሩን ራሳቸው ተረኩለት። ቅዳሜ ሲመሽ ወደ ልጁ ክፍል ሄዱ፤ ሊገድሉት አልነበረም። ተሳስተሃል፣ ደግመህ ቁጠር ሊሉት ነው። ልጁ እጁን ከመጻፊያው ሳያነሣ፣ ዞር ብሎም ሳያያቸው መለሰላቸው።

«እርስዎን ያነሣሁዎት ሥዕሉን ስለሚያበላሹብኝ ነው አለኝ። አርባ ዓመት! ወረርሽኝ ሲገባ ልጅ አባቱን ሲሸሽ ሬሳውን እኔ ነኝ ያጠብሁ። እኔ ሥዕል የማበላሽ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሲወድቅ ደነገጥሁ። ከዚያ እጄ ሥራውን ያዘ። ሌላ የሚያውቀው የለውም።»

አሁን መውሰድ ነው የቀረው። ገዳዩ ተይዟል፣ ረቡዕ ገና አልነጋም፣ የታዘበው አንገት ተርፏል። ዝም ቢል ሽማግሌው ወህኒ የሚወርዱት ሰው እንደከዳቸው አምነው ነው፤ ያም ሆኖ ገዳይ መሆናቸውን የሚሸከሙበት ምክንያት ይኖራቸዋል። ታዘበው ያንን አወቀው። ዝናቡን አሰበ፣ በነጠላው ተከናንቦ የተበተነውን ለቀስተኛ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ዝርዝሩን ከቦርሳው አወጣ።

«አያ፣ የጠራዎት ሰው ስንት እንደሆነ ልንገርዎ?»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም። መቶ ዘጠና አንድ ነው።»

አልገባቸውም። ታዘበው ጸደንያ እንዳስረዳችው አድርጎ አስረዳቸው፤ ዋርካውን፣ ግርዶሹን፣ በሚቀጥለው ይጨመራል የተባለችውን አንዲት መስመር። ቀጥሎ ማንበብ ጀመረ። ቁጥር ሁለት። ቁጥር ሦስት። ቁጥር አምስት፣ ወለተ ሐና። ምክንያት፣ ባሌ ሲሞት ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው። ቁጥር ሰባት፣ ባንተአምላክ። ምክንያት፣ አባቴ ማለት ናቸው። እያንዳንዱን ረጋ ብሎ፣ ቃል ሳይዘል። አርባኛው ላይ ሲደርስ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ፤ እንደሚለምን ሰው። ታዘበው አላቆመም። እስከ መቶ ዘጠና አንደኛው አነበበ።

አላለቀሱም። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ። «ይኼን ለምን ነገርኸኝ?» አሉት።

«ሕግ ነው አባቴ» አላቸው ታዘበው።

ጣቢያ ሲደርሱ አዛዡ ከዘራውን ተቀበለና ለዞን ደወለ፤ ምርመራውን እሱ ራሱ እንደመራው ሲናገር ታዘበው አጠገቡ ቆሞ ሰማ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኼንንም ከነቀኑ ይመዘግበው ነበር። ዛሬ ጠግቧል። ሽማግሌውን ማረፊያ ክፍሉ አስገብቶ ቆለፈ፤ በሩ ፊት ለፊት ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ምላሱ ላይ ማር እንዳለ ሁሉ ምራቁን ደጋግሞ ዋጠ። እንዲህ ደልቶት አያውቅም። በዚሁ ድፍረት ያቺን ትንሽ ወረቀት አስታወሰ። ዛሬ ባዶ ብትሆን ምን ቸገረው?

ዘረጋት።

«ቁጥር ስድሳ ሦስት። የጠራው፦ አንድ ሰው። ቁጥር አንድ።

ምክንያት፦ የእናቱን ድንኳን አስነሥቼበት ዛሬም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣኛል። ቂም የማያውቅ ሰው በዚህ አገር እሱን ብቻ አየሁ። በመከራዬ ቀን በሩን የማንኳኳው የታዘበውን ነው።»

ሁለቴ አነበባት። ጸደንያ ያለችው ትዝ አለው፤ የሚመጡትንም የሚሄዱትንም። ከሽማግሌው ነጥብ ተነሥታ ወደ እሱ የምትሄድ አንዲት መስመር ነበረች። ከሌሎቹ ጋር አብራ ተነሥታለች።

ወረቀቷን አጠፋት፣ ዘረጋት፣ እንደገና አጠፋት። ከውስጥ በሩ ተንኳኳ። በጉልበት አይደለም፤ እንግዳ ሲያንኳኳ እንደሚደረገው፣ በጣት አንጓ፣ በትሕትና።

«ታዘበው» አሉ አያ ሀብተ ሥላሴ።

ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ታዘበው ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

በሩ እንደገና ተንኳኳ።